በገንዘብ የተገኘ ወንበር፣ በሰዓት የሚለካ ብቃት

ባሕር ዳር፦ ኅዳር 12/2018 ዓ.ም

በአውሮፓውያኑ 2020 የውድድር ዘመን ማብቂያ አካባቢ በባሕሬን በረሓ በተካሄደው የሳኪር ግራንድ ፕሪ ሦስት የፎርሙላ ዋን አሽከርካሪዎች የሽልማት ሰገነት ላይ ወጡ። አንደኛ የወጣው ሜክሲኳዊው ሰርጂዮ ፔሬዝ፣ ሁለተኛው ፈረንሳዊው ኢስቴባን ኦኮን፣ ሦስተኛው ደግሞ ካናዳዊው ላንስ ስትሮል ነበር። ፔሬዝ በመጀመሪያው ዙር ተገጭቶ ወደ መጨረሻው ቦታ ከወረደ በኋላ ሁሉንም አልፎ በማሸነፉ፣ ድሉም በ190ኛ ውድድሩ ያገኘው የመጀመሪያው በመኾኑ ዜናው በዓለም ዙሪያ ተናኘ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት የውድድር ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስቱን ሰዎች ያስተሳሰራቸው ግን የዚያ ቀን ውጤት ብቻ አልነበረም። ፔሬዝ ወደ ፎርሙላ ዋን የገባው የሜክሲኳዊው ቱጃር የካርሎስ ስሊም ኩባንያዎች ድጋፍ ከኋላው ኾኖ ነው። ባሸነፈበት ዕለት ግን በዓመቱ መጨረሻ ከቡድኑ እንደሚሰናበት ተነግሮት ነበር። በቡድኑ እንዲቆይ የተወሰነው ሌላው አሽከርካሪ ላንስ ስትሮል ሲኾን፣ ቡድኑን የገዙትን ባለሀብቶች የሚመሩት አባቱ ሎውረንስ ስትሮል ናቸው። ኦኮንም ቢኾን ከሁለት ዓመት በፊት በዚሁ ቡድን የነበረውን ወንበር ያጣው አባት ቡድኑን ገዝተው ልጅ ሲገባ ነው።

ከ2026 የውድድር ዘመን ጀምሮ ካዲላክ የተሰኘው የአሜሪካ ቡድን 11ኛ ኾኖ በፎርሙላ ዋን ይወዳደራል። የተወዳዳሪዎች ቁጥርም ከ20 ወደ 22 ከፍ ይላል። አዲሱ ቡድን ከመረጣቸው ሁለት አሽከርካሪዎች አንዱ ያው ፔሬዝ ነው። በአንድ ወቅት "ገንዘብ ይዞ የመጣ" ይባል የነበረው ሰው ዛሬ ልምዱ ተፈልጎ የሚቀጠር ኾኗል። ታዲያ ከፍሎ የሚወዳደር አሽከርካሪ ብቃቱ በምን ይመዘናል? ገንዘብ ይዞ መምጣቱስ ብቻውን ችሎታ ቢስ ያሰኘዋልን?

ከፋይ አሽከርካሪ ሲባል

ፎርሙላ ዋን የዓለማችን ከፍተኛው የመኪና ውድድር ነው። እያንዳንዱ ቡድን የራሱን መኪና ነድፎ ይሠራል፤ ሁለት አሽከርካሪዎችንም ያሰልፋል። በተለመደው አሠራር ቡድኑ ለአሽከርካሪው ደመወዝ ይከፍላል። አንዳንዱ አሽከርካሪ ግን ከቤተሰቡ፣ ከሀገሩ መንግሥት ወይም ከአንድ ኩባንያ ያገኘውን ገንዘብ ለቡድኑ ይዞ ይመጣል። ቡድኑም ወንበሩን ሲሰጠው ችሎታውን ብቻ ሳይኾን ያመጣውን ገንዘብ ጭምር አይቶ ነው። ከፋይ አሽከርካሪ የሚባለው እንዲህ ያለው ተወዳዳሪ ነው።

ስያሜው በስፖርቱ ተከታታዮች ዘንድ እንደ ስድብ ይቆጠራል። ነገር ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የስፖርቱን መነሻ ያየ ሰው በፍርዱ አይቸኩልም። በመኪና ውድድር ከፍሎ የማይጀምር የለም ማለት ይቻላል። ልጆች በትንንሾቹ የካርቲንግ መኪኖች መወዳደር ሲጀምሩ ጎማውን፣ ሞተሩን፣ ነዳጁን፣ የመካኒኩን ደመወዝና የጉዞውን ወጪ የሚሸፍነው ወላጅ ነው። ከዚያም በፎርሙላ ፎር፣ በፎርሙላ ስሪ እና በፎርሙላ ቱ ደረጃዎች ሲያልፉ ቡድኑ የሚከፈለው ከተወዳዳሪው ወይም ከደጋፊው ኪስ ነው። ክፍያው ተገልብጦ ቡድኑ ለአሽከርካሪው መክፈል የሚጀምረው ጫፉ ላይ ሲደረስ ነው።

ይህ ለእኛ ሀገር አንባቢ እንግዳ ነገር ነው። እኛ የምናውቀው ስፖርት ሩጫ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 የሮም ኦሎምፒክ የማራቶን ወርቅ ያጠለቀው በባዶ እግሩ ሮጦ ነው። ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን ያፈራችው በቆጂ የመሮጫ መንገድና ከፍ ያለ ቦታ አየር እንጂ ውድ መሣሪያ አልነበራትም። በሩጫ አንድ ልጅ ተሰጥኦ እንዳለው መምህሩ ወይም ጎረቤቱ በትምህርት ቤት ሜዳ ሊያየው ይችላል። በመኪና ውድድር ግን ተሰጥኦው መኖሩ የሚታወቀው ብዙ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ "ከፍሏል ወይስ አልከፈለም?" የሚለው ጥያቄ ብቁውን ከማይበቃው አይለይም፤ ሁሉም በአንድም በሌላም መንገድ ተከፍሎለታልና።

ቡድኖች ገንዘቡን ለምን ይቀበላሉ?

የፎርሙላ ዋን ቡድን በሁለት አሽከርካሪዎች ብቻ አይቆምም። መኪናውን የሚነድፉ መሐንዲሶች፣ ክፍሎቹን የሚቀርጹ ባለሙያዎች፣ መካኒኮችና የአስተዳደር ሠራተኞች በመቶዎች ይቆጠራሉ። ከውድድሩ የሚገኘው የሽልማት ገንዘብ የሚከፋፈለው በአብዛኛው በቡድኖች ደረጃ ነው። ገንዘብ ያጠረው ቡድን ደካማ መኪና ይሠራል፤ ደካማው መኪና ከኋላ ይጨርሳል፤ ከኋላ የጨረሰውም ጥቂት ይከፈለዋል። ዘር ሸምቶ መዝራት ያልቻለ ገበሬ በቀጣዩ ዓመት የባሰ እንደሚቸገር ሁሉ፣ ይህም አዙሪት በራሱ የሚቆም አይደለም። ኤችአርቲ የተባለው የስፔን ቡድን በ2012 መጨረሻ፣ ካተርሃም ደግሞ ከ2014 የውድድር ዘመን በኋላ የጠፉት በዚህ መንገድ ነው።

ሐምሌ 2018 ላይ ፎርስ ኢንዲያ የተባለው ቡድን እዳውን መክፈል አቅቶት በፍርድ ቤት በተሾሙ አስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ። ሕጋዊ ሂደቱን ያስጀመረው ራሱ ፔሬዝ ነበር። ከቡድኑ ያልተከፈለው ገንዘብ ስለነበረው የመጠየቅ መብት ነበረው። ዓላማውም ቡድኑ ጨርሶ ከመዘጋቱ በፊት ገዥ እንዲያገኝ ነው። በሎውረንስ ስትሮል የሚመሩት ባለሀብቶች ቡድኑን ሲገዙ ከ400 በላይ ሠራተኞች ከነሥራቸው ቀጠሉ። በ2019 ላንስ ስትሮል ገባ፤ ኦኮን ወጣ። በ2020 መጨረሻ ደግሞ ቡድኑን ያዳነው ፔሬዝ ራሱ ቦታውን ለጀርመናዊው የአራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ለሴባስቲያን ፌትል ለቀቀ።

ይህን ታሪክ ከአንድ ወገን ብቻ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል። የአባትየው ገንዘብ ባይኖር ኖሮ ከ400 የሚበልጡ ቤተሰቦች እንጀራ አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር። በሌላ በኩል የኦኮን ወላጆች ልጃቸውን ለማወዳደር ቤታቸውን ሸጠው በተጎታች የመኪና ቤት ውስጥ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ልጃቸውም በ2014 በአውሮፓ የፎርሙላ ስሪ ሻምፒዮና፣ ዛሬ ስሙ የገነነው ማክስ ቬርስታፐን ጭምር በነበረበት ውድድር፣ አሸናፊ ነበር። ኦኮን ወንበሩን ያጣው በሰዓት ተበልጦ አይደለም። ሁለቱም እውነቶች ጎን ለጎን የቆሙ ናቸውና አንዱን ለማጉላት ሌላውን መካድ ተገቢ አይኾንም።

በአንድ ማሳ ላይ መመዘን

ብቃትን በትክክል ለመመዘን የግብርና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አሠራር ይረዳናል። ሁለት የስንዴ ዝርያዎችን ለማነጻጸር አንዱን በለም ጥቁር አፈር፣ ሌላውን በተሸረሸረ ተዳፋት ዘርቶ "ይኼኛው በለጠ" ማለት አይቻልም። ሁለቱም በአንድ ማሳ፣ በተመሳሳይ ቀን፣ በእኩል ማዳበሪያ መዘራት አለባቸው። በፎርሙላ ዋን መኪና ማለት ማሳው ነው። በምርጥ መኪና ሦስተኛ የወጣ ሰው በደካማ መኪና ዐሥረኛ ከወጣው ላያንስም ላይበልጥም ይችላል። ፍትሐዊው ማነጻጸሪያ በአንድ ቡድን፣ በአንድ ዓይነት መኪና የሚነዱት ሁለቱ አሽከርካሪዎች ናቸው።

በዚህ ሚዛን ላንስ ስትሮልን እንየው። በ2017 በ18 ዓመቱ ዊሊያምስን ሲቀላቀል የቡድን ጓደኛው ልምድ ያለው ብራዚላዊው ፌሊፔ ማሳ 43 ነጥብ፣ እርሱ 40 ነጥብ ይዘው ዓመቱን አጠናቀቁ። በዚያው ዓመት ባኩ ላይ ሦስተኛ ወጣ። ከዚያ በፊትም በ2016 የአውሮፓ የፎርሙላ ስሪ ሻምፒዮን ነበር። በ2020 በቱርክ በዝናብ በተካሄደው የመነሻ ቦታ መለያ ዙር ከሁሉም ፈጥኖ ከፊት ተነሥቷል። በ2023 መባቻ የእጅ አንጓው ላይ በደረሰ ስብራት ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ባሕሬን ላይ ስድስተኛ ኾኖ ጨርሷል። እንዲህ ያለው ሰው መንዳት አይችልም የሚል ካለ መረጃው አያግዘውም።

የኋለኞቹ ዓመታት ቁጥሮች ግን ሌላ ይናገራሉ። በ2020 ፔሬዝ 125 ነጥብ ሲያገኝ ስትሮል 75 አገኘ። በ2021 ፌትል 43፣ ስትሮል 34። በ2023 ፈርናንዶ አሎንሶ 206፣ ስትሮል 74። በ2024 አሎንሶ 70፣ ስትሮል 24። ፌትልና አሎንሶ ሁለቱም የዓለም ሻምፒዮኖች ናቸውና በእነርሱ መበለጥ ብቻውን ውርደት አይደለም። በተከታታይ ዓመታት ከጓደኛው ሲሶ ገደማ ያመረተን ዝርያ ግን የትኛውም ገበሬ ያለ ጥያቄ በድጋሚ አይዘራውም። የስትሮል ወንበር በየዓመቱ የማይነሣው ጥያቄ ይኸው ነው።

መግቢያን የሚከፍት ገንዘብ፣ መውጫን የሚዘጋ ገንዘብ

ከዚህ ተነሥተን ሁለት ዓይነት ገንዘብ መለየት እንችላለን። የመጀመሪያው በር ከፍቶ ዕድል የሚሰጥ፣ ከዚያ በኋላ ግን ፍርዱን ለሰዓት የሚተው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰዓት የፈረደበትን ሰው ከቦታው እንዳይነሣ የሚያደርግ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ታላቁ ምሳሌ ኦስትሪያዊው ኒኪ ላውዳ ነው። ላውዳ ከሀብታም ቤተሰብ ቢወለድም ቤተሰቡ ውድድሩን አልፈቀደለትም፤ ኢንዱስትሪያሊስት የነበሩት አያቱ ባንክ ብድር እንዳይሰጠው እስከማስከልከል ደርሰዋል። እርሱ ግን የሕይወት መድኑን ዋስትና አድርጎ ከሌላ ባንክ ተበድሮ በ1972 በማርች ቡድን ወንበር ገዛ። ቡድኑ ደካማ ነበር፤ ውጤት አልመጣም፤ እዳው ግን ነበር። በ1973 እንደገና ገንዘብ አፈላልጎ ወደ ቢአርኤም ቡድን ገባ። ችሎታው የታየው በዚያ ነው። በ1974 ፌራሪ ቀጠረው፤ በ1975፣ በ1977 እና በ1984 የዓለም ሻምፒዮን ኾነ። ላውዳ በትርጉሙ መሠረት ከፋይ አሽከርካሪ ነበር። ኾኖም ገንዘቡ የገዛለት የመታየት ዕድልን ብቻ ነው። ባይሳካለት ኖሮ እዳው በራሱ ላይ ይቀር ነበር።

ጀርመናዊው ማይክል ሹማከርም በ1991 ቤልጅየም ስፓ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በጆርዳን ቡድን ሲሰለፍ መርሴዲስ ለወንበሩ 150 ሺህ ዶላር ከፍሎለታል። በማያውቀው መወዳደሪያ በመነሻ ቦታ መለያው ሰባተኛ ወጣ። በውድድሩ ዕለት መኪናው ገና በመጀመሪያው ዙር ቢበላሽበትም ያሳየው ፍጥነት በቂ ነበር። በቀጣዩ ውድድር ቤኔቶን የተባለው ቡድን ወሰደው፤ በኋላም ሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ኾነ። ያ 150 ሺህ ዶላር ባይከፈል ሰባቱ ዋንጫዎች ይቀሩ ነበር ብሎ መደምደም ባይቻልም፣ መክፈልና መብቃት ተቃራኒዎች አለመኾናቸውን ግን ያሳያል።

ፔሬዝም ከዚህ ወገን ነው። ወደ ፎርሙላ ዋን ከመግባቱ በፊት በ2010 በጂፒ ቱ ውድድር ሁለተኛ ወጥቷል። በ2012 በሳውበር መኪና ሦስት ጊዜ ሰገነት ላይ ቆመ። በሬድ ቡል ቡድን በነበረባቸው አራት ዓመታት አምስት ውድድሮችን አሸነፈ፤ በ2023ም በዓለም ሻምፒዮናው ሁለተኛ ኾነ። በ2024 ግን የቡድን ጓደኛው ቬርስታፐን 437 ነጥብ ሲሰበስብ እርሱ 152 ላይ ቀረ። ውሉ ገና ያላለቀ፣ ደጋፊ ኩባንያዎቹም ከጎኑ የነበሩ ቢኾንም ተሰናበተ። ገንዘብ በር ከፈተለት፤ ሰዓት ሲፈርድበት ግን ገንዘቡ አላዳነውም። ሥርዓቱ በትክክል ሠራ የሚባለው እንዲህ ሲኾን ነው።

በአንድ ዝናብ ላይ የተንጠለጠለ ማሳ

ከፋይ አሽከርካሪን የመረጠ ቡድን የራሱም አደጋ አለበት። ገንዘቡ ከአንድ ምንጭ የሚመጣ ከኾነ ምንጩ ሲደርቅ ሁሉም ይደርቃል።

ቬንዝዌላዊው ፓስተር ማልዶናዶ በ2010 ፔሬዝን ቀድሞ የጂፒ ቱ ሻምፒዮን የኾነ ሰው ነው። በ2011 ዊሊያምስን ሲቀላቀል የሀገሩ መንግሥታዊ የነዳጅ ኩባንያ ከኋላው ነበር። በ2012 በስፔን ባርሴሎና ከፊት ተነሥቶ፣ አሎንሶን በገዛ ሀገሩ ሜዳ ቀድሞ አሸነፈ። ዊሊያምስ ከ2004 ወዲህ ያላገኘው ድል ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ሌላ አላገኘም። ይሁን እንጂ ማልዶናዶ በዚያ ዓመት ከሰበሰበው 45 ነጥብ 25ቱ የዚያ አንድ ቀን ውጤት ነው። በየውድድሩ በሚያደርሰው ግጭትም ስሙ ይነሣ ነበር። በ2016 መጀመሪያ፣ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ወድቆ የቬንዝዌላ ኢኮኖሚ ሲናጋ፣ የኩባንያው ክፍያ ተስተጓጎለ፤ ማልዶናዶም ወንበሩን አጣ። ከዚያ በኋላ በፎርሙላ ዋን አልተወዳደረም።

የሀስ ቡድን ታሪክም ተመሳሳይ ነው። በ2021 ሩሲያዊው ኒኪታ ማዜፒን ከአባቱ ጋር ግንኙነት ባለው የማዳበሪያ አምራች በኡራልካሊ ስፖንሰርነት ገባ። በ21 ውድድሮች አንድም ነጥብ አላገኘም። ቡድኑ የዚያን ዓመት መኪና ማሻሻል አቁሞ ስለነበር የማይክል ሹማከር ልጅ ሚክም ነጥብ አላገኘም፤ በአንድ ማሳ ላይ ሲነጻጸሩ ግን ሚክ በአብዛኛው ከማዜፒን ፊት ይነሣ ነበር። መጋቢት 2022 ላይ ሩሲያ ዩክሬንን በመውረሯ ቡድኑ ከኩባንያውም ከአሽከርካሪውም ጋር የነበረውን ውል አቋረጠ። በጥድፊያ የተጠራው ዴንማርካዊው ኬቨን ማግኑሰን አንድ ዓመት ከፎርሙላ ዋን ርቆ ቢቆይም በተመለሰበት የመጀመሪያ ውድድር አምስተኛ ወጣ። መኪናው አዲስና የተሻለ በመኾኑ ልዩነቱ ሁሉ የሰው ነው ማለት አይቻልም። ኾኖም ቡድኑ የሚፈልገው ዓይነት አሽከርካሪ ከፎርሙላ ዋን ውጪ እንደነበር ታየ።

ደንቡ የሚያግደውና የማያግደው

የውድድሩ የበላይ አካል ፊያ ለደኅንነትም ለብቃትም ሲል ሁለት ማጣሪያዎች አሉት። አንደኛው የ107 በመቶ ደንብ ነው። በመነሻ ቦታ መለያው የመጀመሪያ ክፍል ፈጣኑ አሽከርካሪ አንዱን ዙር በ90 ሰከንድ ቢጨርስ፣ ከ96.3 ሰከንድ በላይ የፈጀ ሰው በልዩ ፈቃድ ካልኾነ በቀር አይወዳደርም። ሁለተኛው ሱፐር ላይሰንስ የተባለው መንጃ ፈቃድ ነው። ከ2016 ጀምሮ ፈቃዱን ለማግኘት በሦስት ዓመታት ውስጥ ከታችኞቹ ውድድሮች 40 ነጥብ ማሟላት ያስፈልጋል፤ መደበኛው የዕድሜ ወለልም 18 ዓመት ነው። በፎርሙላ ቱ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጣ ሰው በአንድ ዓመት ያሟላዋል።

እነዚህ ደንቦች ጨርሶ የማይበቃውን ሰው ያግዳሉ። በ1990ዎቹ እንደታየው ከሌሎች እጅግ ዘግይቶ የሚነዳ ሰው ገንዘብ ስላለው ብቻ ዛሬ አይሰለፍም። በ2021 የቡድኖች ዓመታዊ ወጪ በ145 ሚሊዮን ዶላር ገደብ ተበጅቶለት መቀነሱም ትንንሾቹ ቡድኖች እፎይ እንዲሉ፣ አሽከርካሪን ለገንዘቡ ብሎ የመቅጠር ግዴታቸው እንዲቀል ረድቷል። ደንቦቹ የማያግዱት ግን በበቃ ሰውና ከእርሱ በሚበልጠው መካከል ሲመረጥ ገንዘብ የሚጫወተውን ሚና ነው።

ከሁሉ በላይ የማያዩትም አለ፤ እርሱም ከካርቲንግ ሜዳው ደጃፍ ያልደረሰውን ልጅ ነው። የሰባት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮኑ ሉዊስ ሃሚልተን አባት ልጃቸውን ለማወዳደር በአንድ ጊዜ የተለያዩ ሥራዎችን ይሠሩ ነበር። ማክላረን በ1998 የ13 ዓመቱን ልጅ በድጋፍ መርሐ ግብሩ ባያቅፈው የአባት ጉልበት ብቻውን የት ድረስ ያደርሰው እንደነበር መገመት ይከብዳል። የአፍሪካን አህጉር ብናይ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን የኾነው በ1979 ያሸነፈው ደቡብ አፍሪካዊው ጆዲ ሼክተር ብቻ ነው። አፍሪካ የመጨረሻውን የፎርሙላ ዋን ውድድር ያስተናገደችውም በ1993 በኪያላሚ ነው። ተሰጥኦ በአህጉር ተከፋፍሎ አልተሰጠም፤ የመሞከሪያው ሜዳና ገንዘቡ ግን ተከፋፍሏል።

እንግዲህ በመጪው ዓመት በቴሌቪዥን መስኮት አዲስ ስም ሲያዩና "ይኼ እኮ በገንዘብ የገባ ነው" ሲባል ሲሰሙ፣ ሦስት ጥያቄዎችን ማንሣት ይበጃል። ከመግባቱ በፊት በታችኞቹ ውድድሮች ምን ሠርቷል? በአንድ ዓይነት መኪና ከቡድን ጓደኛው ጋር ሲነጻጸር የት ነው? ገንዘቡ ነገ ቢቀር ሌላ ቡድን ይፈልገዋልን? ላውዳና ሹማከር ሦስቱንም አልፈዋል። ፔሬዝም በካዲላክ ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ አግኝቷል። ስትሮል የመጀመሪያውን በደንብ አልፏል፤ ሁለተኛው ላይ ወድቋል፤ ሦስተኛውን ለመመለስ ግን አባቱ ቡድኑን እስከያዙ ድረስ የሚጠይቀው የለም።

ፍርዱ በአሽከርካሪው ላይ ብቻ ማረፍ የለበትም። ወላጁ ያገዘው ልጅ ዕድሉን በመጠቀሙ ጥፋተኛ አይደለም። መጠየቅ ያለበት ብቃት ያላቸውን ሁሉ የሚፈትሽበት ማሳ ያላዘጋጀው፣ ፈተናው ሲያልቅም ውጤቱን የማያከብረው አሠራር ነው። ቡድኖች ለታዳጊዎች የሚያወጡት የድጋፍ ገንዘብ ቢሰፋና የካርቲንግ ወጪ ገደብ ቢበጅለት፣ ሃሚልተንን ያገኘው ዓይነት ዕድል ለብዙዎች ሊደርስ ይችላል። ያኔ ከፋይ የሚባለው ስያሜ ትርጉም ያጣል፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይለካልና።